የኮምፒውተር ኬብል እንዴት ይለያል? እንዴትስ ይመረጣል?

ኬብል ለመግዛት የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ የመሰኪያው ቅርጽና የኬብሉ አቅም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ቅርጹ ኬብሉ የት እንደሚገባ ብቻ ያሳያል፤ ምን ያህል መረጃና ኃይል እንደሚያሳልፍ የሚወሰነው ግን በውስጡ ባሉት ሽቦዎች ነው። በቸርችል ጎዳናም ሆነ በመርካቶ «ታይፕ ሲ ኬብል አለ?» ብሎ ብቻ የጠየቀ ሰው ባለሱቁ ያነሣለትን ይዞ ይመለሳል።

በመጀመሪያ የሁለቱንም መሣሪያዎች ሶኬት በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይያዙ። «ሰፋ ያለው»፣ «ቀጠን ያለው» እያሉ በቃል ማስረዳት ከባለሱቁ ጋር ያጨቃጭቃል እንጂ ኬብል አያስገኝም።

ቀጥሎ ቀላሎቹን ይለዩ። ብዙ ፕሪንተሮች ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙት በአንድ በኩል አራት ማዕዘን ጫፍ ባለው የዩኤስቢ ኬብል ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ5 ሜትር እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ይበቃል። የተለመደውን ጠፍጣፋ ዩኤስቢ ፈጣን መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ የጫፉን ውስጥ በብርሃን ይመልከቱ፤ አሮጌው ዓይነት 4 የብረት ንክኪዎች ብቻ ሲኖሩት፣ ዩኤስቢ 3 ከእነዚህ ኋላ 5 ተጨማሪ ንክኪዎች አሉት። ሰማያዊ ቀለም ጥሩ ምልክት ቢሆንም ማንም ሊቀባው ስለሚችል ንክኪዎቹን መቁጠር ይሻላል።

አስቸጋሪው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ታይፕ ሲ ነው። ሶኬቱ 24 ንክኪዎች ቢኖሩትም፣ ኬብሉ ሁሉንም እንዲያገናኝ አይገደድም። ከስልክ ጋር የሚመጡት አብዛኞቹ በሴኮንድ 480 ሜጋ ቢት (8 ቢት አንድ ባይት ነው) ብቻ የሚያሳልፉ የዩኤስቢ 2 ኬብሎች ናቸው፤ በርካሽ ከሚሸጡት መካከል ደግሞ ቻርጅ ከማድረግ በቀር መረጃ ጭራሹን የማያሳልፉ አሉ። 20 ጊጋ ባይት የሚሆን የሠርግ ቪዲዮ ኤስኤስዲ ወደሚባለው ፈጣን ዲስክ ለመገልበጥ በመጀመሪያው ዓይነት ኬብል ስምንት ደቂቃ ገደማ ሲፈጅ፣ በ5 ጊጋ ቢት ኬብል ግን፣ ሁለቱም መሣሪያዎች ፍጥነቱን የሚችሉ ከሆነ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዲስኩን ይጠረጥራል፤ ኬብሉን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ኃይልን በተመለከተም ተራው ታይፕ ሲ ኬብል የሚችለው 3 አምፔር፣ ማለትም እስከ 60 ዋት ነው። ለ100 ወይም ለ240 ዋት የተሠራው ግን አቅሙን ለቻርጀሩ የሚያሳውቅ ትንሽ ቺፕ በጫፉ ውስጥ አለው። ቺፑ ከሌለ ቻርጀሩ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ከ60 ዋት በላይ አይለቅም፤ በመሆኑም ብዙ ኃይል የሚወስድ ላፕቶፕ ከሶኬት ጋር ተያይዞ እየሠራ እንኳ ባትሪው ሊቀንስ ይችላል። ምስል ወደ ሞኒተር ለማውጣት ደግሞ ከኬብሉ በተጨማሪ የላፕቶፑ ሶኬት ራሱ ምስል የሚያወጣ መሆን አለበት፤ ይህን ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ስለዚህ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሞክሩት። ኤስኤስዲዎን ይዘው ይሂዱና በኬብሉ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተው አንድ ትልቅ ፋይል ይገልብጡ፤ ሁለቱም መሣሪያዎች ፈጣን ሆነው ሳለ ፍጥነቱ በሴኮንድ 40 ሜጋ ባይት አካባቢ ላይ ከቆመ፣ ማሸጊያው ላይ ምንም ተጻፈ ምን ኬብሉ ዩኤስቢ 2 ነው። ማስሞከር የማይፈልግ ሱቅ ካጋጠመዎት ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

ለሞኒተርና ለፕሮጀክተር የሚያገለግሉትን ለመለየት ብዙም አይቸገሩም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ባለ 15 ፒኑ ቪጂኤ በሁለት ብሎን የሚታሰር ሲሆን ድምፅ አያሳልፍም፤ ኤችዲኤምአይ ምስልና ድምፅ አንድ ላይ ይወስዳል። ዲስፕሌይ ፖርት አንድ ማዕዘኑ የተቆረጠ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መያዣ ስላለው ቁልፉን ሳይጫኑ አይጎትቱት፣ ሶኬቱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በመቀየሪያው አቅጣጫ ነው። ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስደው ተራ መቀየሪያ ገልብጠው ቢሰኩት አይሠራም፤ ላፕቶፕን ከአሮጌ የአዳራሽ ፕሮጀክተር ጋር ለማገናኘትም «ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ» የሚለውን መግዛት እንጂ ተቃራኒውን አይደለም። ድምፁን ለብቻው ወደ ስፒከር ማውጣት ይኖርብዎታል። ሁለትና ሦስት መቀየሪያ አያይዞ መቀጠልን ግን እኔ ለማንም አልመክርም።

በመጨረሻ የኔትወርክ ኬብል ይቀራል። ለቤትና ለቢሮ ካት 5ኢ በቂ ነው፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋ ቢት ያደርሳል። ሲገዙ አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ስለሆነ ይተዉት። ከተዘረጋ በኋላ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን 1000 ሜጋ ቢት ማሳየት ሲገባው 100 ካሳየ፣ ብዙውን ጊዜ ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱ ጫፉ ላይ አልነካም ማለት ነውና፣ ሙሉ ኬብሉን ከመቀየርዎ በፊት ጫፉን አስቆርጠው በአዲስ አርጄ 45 (የኔትወርክ መሰኪያ) ያስመቱት።