ፍም ላይ የሚጠበስ አትክልት እንዳይልፈሰፈስ

ዝኩኒና ደበርጃን ፍም ላይ ስታደርጉት መጠበሱ ቀርቶ እየተቀቀለ ካስቸገራችሁ፣ መፍትሔው ጨው ነው። በጣት ውፍረት ቆርጣችሁ ጨው ነስንሱበትና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዉት። ላዩ ላይ እንደ ላብ ችፍ የሚል ውሃ ያወጣል። እሱን በንጹሕ ጨርቅ በደንብ አድርቃችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ ወደ ፍሙ። ላዩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም ስለማያልፍ አይቀላም፤ ሲደርቅ ግን ቶሎ ቡናማ ይሆናል።

የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ከእሳት ካወጣችሁት በኋላ፣ ገና በትኩሱ ጨምሩበት። ነጭ ሽንኩርቱ ቀድሞ ከገባ አርሮ ይመራል፤ ጣዕሙን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ለቃሪያና ለቀይ ሽንኩርት ጨው ነስንሶ መጠበቁ አያስፈልግም። ለዝኩኒውም ቢሆን በኋላ ሳትቀምሱ ጨው አትድገሙ።