ኤሊያችሁ ስትጎዳ ወይም ስትታመም ምን ታደርጋላችሁ?

ኤሊያችን ቀስቴ የወደቀችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣት ካሮት ስታበላት ከጫፉ ተንሸራታ ሴራሚኩ ላይ አረፈች። ድምፁ ሰሃን የተሰበረ ነበር የሚመስለው። ሳነሳት ጀርባዋ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ አየሁ። ውስጡ ደም ቋጥሯል። የኤሊ ቅርፊት ድንጋይ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ቅርፊቱ አጥንት ነው። ከአከርካሪዋና ከጎድን አጥንቷ ጋር የተዋሃደ ነው። ላዩ ላይ እንደ ጥፍራችን ያለ ስስ ሽፋን አለው። ደም ይዘዋወርበታል፣ ነርቭ አለው፣ ሲሰነጠቅ ያማል። ሳንባዋም ልክ ከጀርባዋ ቅርፊት ሥር ነው ያለው። ስለዚህ የጀርባ ስንጥቅ ትንሽ ቢመስልም አትናቁት።

ቀስቴ ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት፣ ሬድ ኢርድ ስላይደር የምትባለው የውሃ ኤሊ ነች። እዚህ አሜሪካ በየቤቱ በብዛት የምትገኘው እሷ ናት። ከዚህ በታች የምነግራችሁ በዋናነት እንደ እሷ ላሉ የውሃ ኤሊዎች ነው።

1. መጀመሪያ ከውሃ አውጧት

ኤሊ የምትተነፍሰው በሳንባ ነው። አቅም ካጣች የምትኖርበት ውሃ ውስጥ ልትሰምጥ ትችላለች። ንጹህ የፕላስቲክ ሳፋ አዘጋጁና ነጭ ፎጣ አንጥፉበት። ነጭ የሆነበት ምክንያት ደምም ፈሳሽም ካለ ቶሎ እንዲታያችሁ ነው። ቦታው ጸጥ ያለ ይሁን። ሙቀቱ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ጥሩ ነው። ውጭ አታስቀምጧት፤ ዝንብ ቁስሉ ላይ እንቁላል ከጣለች ትል ያፈራል።

ውሃ ውስጥ ሰምጣ ካገኛችኋት ደግሞ ሞታለች ብላችሁ አትቸኩሉ። የኤሊ ልብ በጣም ቀስ ብሎ ሊመታ ይችላል። ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጋችሁ አንገቷን ቀጥ አድርጉት፣ ውሃው ይውጣ። ከዚያ የፊት እግሮቿን ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ሳቡ፣ መልሳችሁ ወደ ውስጥ አስገቡ። ሳንባዋ አየር የሚያገኘው በዚህ ነው። በጀርባዋ አታስተኟት። ብትነቃም የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይያት።

2. ደሙን አቁሙ፣ ቁስሉን እጠቡ

የሚደማውን ቦታ በንጹህ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ቶሎ ቶሎ እያነሳችሁ አትዩ። የተሰበረ ቅርፊት ከሆነ ግን ስብርባሪውን ወደ ውስጥ አትጫኑት፤ ጎዙን ላዩ ላይ ብቻ አሳርፉት።

ተራ ጭረት ወይም የቆዳ ቁስል ከሆነ ለብ ባለ ኖርማል ሳላይን (ንጹህ የጨው ውሃ) እጠቡት። ከሌላችሁ አንድ ሊትር ውሃ አፍሉና 9 ግራም ጨው ጨምሩበት፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ተጠቀሙ። ከዚያ ቤታዲን (ቡናማው የቁስል ማጽጃ) በውሃ ቀጥኖ ቀጭን ሻይ ሲመስል ቀቡት። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አይንካት፤ ጤነኛውንም ሥጋ ያቃጥላል።

ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነ ወይም ውስጧ ከታየ ውሃ አታፍስሱበት። ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። በንጹህ ጎዝ ሸፍናችሁ ይዛችኋት ሂዱ። የወደቀ ቁራጭ ካለም አብራችሁ ውሰዱት።

በሙጫ ለመለጠፍ እንዳትሞክሩ እለምናችኋለሁ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ቆሻሻው ውስጥ ይታሸግና ከላይ የዳነ መስሎ ከሥር ይበሰብሳል።

ውሻ ከነከሳት ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ቢያክልም የዚያኑ ቀን ሐኪም ይያት። የውሻ አፍ ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይገባል።

3. ሐኪም ፈልጉ፣ ከማስፈለጉ በፊት

እኛ መጀመሪያ የደወልንበት ክሊኒክ ውሻና ድመት ብቻ ነው የምናየው አለን። ሁለተኛውም እንደዚያው። ልጄ እያለቀሰች ስልክ ስደውል አንድ ሰዓት አለፈ። ዛሬውኑ፣ ኤሊያችሁ ደህና እያለች፣ ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም የት እንዳለ ጠይቁና ቁጥሩን ፍሪጅ ላይ ለጥፉት።

4. በሽታዋን ቶሎ ለዩ

ኤሊ ሕመሟን ትደብቃለች። እስክትደክም ድረስ ደህና ትመስላለች። የእኔ ዘዴ ሚዛን ነው። ለእሷ ብቻ የተለየ የወጥ ቤት ሚዛን ገዝቼ በየሳምንቱ እሑድ እመዝናታለሁ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። 640 ግራም የነበረችው ሳምንት በሳምንት እየቀነሰች ከሄደች አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

በጣም የምፈራው የሳንባ ምችን ነው። ኤሊ እንደ እኛ በሳል አክታዋን ማውጣት አትችልም። አፍንጫዋ ላይ የሳሙና የመሰለ አረፋ ይታያል። አንገቷን አስረዝማ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ይህን ካያችሁ አታድሩ። አንቲባዮቲኩን ሐኪም ነው የሚሰጣት። የእናንተ ድርሻ ሙቀት ነው፤ ሰውነቷ ካልሞቀ በሽታውን አትቋቋምም፣ መድኃኒቱም በደንብ አይሠራላትም።

ዓይኗ አብጦ ከተከደነ ሁለት ነገር ጠርጥሩ፦ የቆሸሸ ውሃና የቫይታሚን ኤ እጥረት። ጥቅል ሰላጣና የደረቀ ሽሪምፕ ብቻ የምትበላ ኤሊ ላይ ይመጣል። ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ ጎመንና የኤሊ ፔሌት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ደረቅ ምግብ) ስጧት። የቫይታሚን ጠብታ ግን በራሳችሁ አትስጡ፤ ሲበዛ ቆዳዋን ይልጠዋል።

ከዓይኗ ኋላ በጎን በኩል እብጠት ካለ ጆሮዋ መግል ይዟል። የኤሊ መግል አይፈስም፣ እንደ አይብ ይጠጥራል። ስለዚህ ሐኪም ቀዶ ነው የሚያወጣው። አታፍርጡት።

ቅርፊቷ ስስና ጥርት ያለ ልጣጭ ሲጥል አትደንግጡ፣ እያደገች ነው። ቢሸት፣ ቢለሰልስ ወይም ጉድጓድ ቢያወጣ ግን እየበሰበሰ ነው። ጠቅላላው ከለሰለሰ ደግሞ ካልሲየምና የዩቪቢ ብርሃን (ከፀሐይ የሚገኘው በዓይን የማይታይ ጨረር) አጥታለች። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ አይበቃም፣ መስታወቱ ጨረሩን ያስቀረዋል። የዩቪቢ አምፖሉም ቢበራ እንኳ ጨረሩ እያለቀ ስለሚሄድ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ቀይሩት። የምትሞቅበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ውሃዋ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን።

5. አይቨርሜክቲን በፍጹም

ይህን በተለይ አገር ቤት ላላችሁ ነው የምለው። ግቢያችሁ ውስጥ የየብስ ኤሊ ካለች፣ ለከብትና ለበግ የሚወጋው አይቨርሜክቲን ለእሷ ገዳይ ነው። ለጥገኛ ትል ብሎ የሚያዝላችሁ ካለ ኤሊ መሆኗን ደግማችሁ ንገሩት። የየብስ ኤሊ ዋና እንደማትችልም አትርሱ፤ ጥልቅ ውሃ ውስጥ አታስገቧት።

6. እጃችሁን ታጠቡ

ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የሚባለውን ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። አሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ልጆች እየታመሙ ስለነበር ነው። በነካችኋት ቁጥር በሳሙና ታጠቡ። ሳፋዋን ዕቃ የምታጥቡበት ቦታ አታጥቡ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲያስታምማት አትተዉት።

የቅርፊት ስብራት ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ። ቀስቴን ሐኪሙ መቼ ወደ ውሃዋ እንደምትመለስ እስኪነግረን ድረስ በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ቁስሉን በማይነካ ጥልቀት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጠን እናጠጣት ነበር። አሁን ስንጥቋ ገጥሟል። ጣቴን ሳሳልፍበት እንደ ክር ቀጭን መስመር ይሰማኛል። ካሮቷን የምትበላው ወለል ላይ ነው።