ጀልባችሁን ዳር አስጠግታችሁ ስታድሩ፦ አጎታተት፣ አስተሳሰርና መልህቅ አጣጣል

ጎርጎራ አካባቢ፣ ጣና ዳር ድንኳን ተክለን ባደርንበት ሌሊት ጀልባችንን ልናጣት ነበር። አራት ሜትር ተኩል የምትሆን፣ ባለ ሞተር የፋይበር ጀልባ ናት። ስንደርስ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። አፍንጫዋን ዳር ላይ አወጣናት፣ አንድ ገመድ ቁጥቋጦ ላይ አሰርን፣ ወደ እሳታችን ሄድን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ጓ... ጓ..." የሚል ድምፅ ቀሰቀሰን። ነፋስ ተነስቷል። ማዕበሉ ከኋላ እየመጣ በሞተሩ በኩል ውሃ ይደፋባታል፣ ሆዷ ከድንጋይ ጋር ይላተማል። በባትሪ ስናያት እስከ ግማሽዋ ሞልታለች። በባልዲ ስንቀዳ ነጋ።

ጠዋት አንድ ዓሣ አጥማጅ አባት መጥተው ዙሪያዋን አዩ። "ልጄ፣ ወይ ለየብስ ስጣት፣ ወይ ለውሃ ስጣት። መሀል ላይ አትተዋት" አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አፍንጫዋ መሬት ሲነካ ጀልባዋ የቆመች ይመስላል። ግን ኋላዋ ውሃ ላይ ነው፣ ማዕበል በመጣ ቁጥር ተነስቶ ይወድቃል። ሞተሩ የሚታሰርበት ጠርዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

1. ቦታውን በብርሃን እዩ

ጣና ሰፊ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ አጫጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ማዕበል ይፈጠራል። ነፋሱን የሚከልል ጥግ ፈልጉ። ጫማ አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ ግቡና ድንጋይ መኖር አለመኖሩን በእግራችሁ ፈትሹ። ዳሩ ላይ የደረቀ ሣርና ቆሻሻ በመስመር ተደርድሮ ካያችሁ ውሃው እስከዚያ መጥቶ ያውቃል ማለት ነው። ክረምት ሲወጣ፣ መስከረም አካባቢ፣ ሐይቁ ሞልቶ ስለሚገኝ ዳሩ ራሱ ይጠብባችኋል።

ጉማሬ ባለበት ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወጥቶ በለመደው መንገድ ነው የሚመለሰው። የተረገጠ ጎዳናና ፋንድያ ካያችሁ ጀልባም ድንኳንም እዚያ አይቀመጥም።

2. ለየብስ ከሰጣችኋት

ለትንሽ ጀልባ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። ከደንገል የሚሠራው የጣና ታንኳ ባለቤቶችም ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ እንዳይከብድና እንዳይበሰብስ ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ያደርቃሉ።

መጀመሪያ ሞተሩን ወደ ላይ አንሱ። ከዚያ ነዳጁን፣ ባትሪውንና ዕቃውን በሙሉ አውርዱ። ሦስት ድቡልቡል እንጨት ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ከሥሯ አግድም አስቀምጡና እያንከባለላችሁ ጎትቷት። ከኋላ የቀረውን እንጨት እያነሱ ወደ ፊት የሚያቀብል አንድ ሰው ይኑር። ሞተሩን ይዞ መጎተት አይሆንም።

ያንን የደረቀ ሣር መስመር አልፋችሁ ቢያንስ ሁለት ሦስት እርምጃ ጨምሩ። አፍንጫዋ ወደ ዳገቱ ይሁን። ሆዷ ሥር ሣር የተሞላ ማዳበሪያ ወይም ያረጀ የመኪና ከመነዳሪ አድርጉ። ከኋላ ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ ክፈቱት፤ ዝናብ ቢዘንብ በዚያው ይወርዳል። ቡሹን ከሞተሩ ቁልፍ ጋር እሰሩት። ጠዋት ሳትደፍኑት ውሃ ላይ ካወጣችኋት ትሰምጣለች። የብስ ላይ ናት ብላችሁም ሳታስሯት አትተኙ።

3. ለውሃ ከሰጣችኋት

ጀልባዋ ከባድ ከሆነች ወይም ዳሩ ድንጋያማ ከሆነ ተንሳፋ ትደር። ፊቷ ወደ ሐይቁ ይሁን። ማዕበልን ለመቀበል የተሠራው ፊቷ ነው።

ሰውና ዕቃ አውርዱ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሳችሁ መልህቁን ከፊት ጣሉ። ገመዱን ቀስ እያላችሁ እየለቀቃችሁ፣ ኋላዋን ወደ ዳር አድርጋችሁ ተመለሱ። የገመዱ ርዝመት የጥልቀቱና የአፍንጫዋ ከፍታ ድምር ሰባት እጥፍ ይሁን። ውሃው አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው በላይ ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ ድምሩ ሁለት ነው፤ 14 ሜትር ገመድ ትለቃላችሁ። አጭር ገመድ መልህቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል፣ ረጅም ገመድ ግን ወደ ጎን ይስበውና መሬት ውስጥ ያስገባዋል። በመልህቁና በገመዱ መካከል ሁለት ሜትር ያህል ሰንሰለት ብትጨምሩ የተሻለ ይይዛል። በማዳበሪያ የታሰረ ድንጋይ ሲጣል አይቻለሁ። ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፣ አትመኑት።

መልህቁ መያዙን በኃይል ስባችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ከኋላዋ ግራና ቀኝ ሁለት ገመድ አውጥታችሁ፣ ወደ ዳር ከፈት አድርጋችሁ እሰሩ። ኋላዋ ወገብ የሚደርስ ውሃ ላይ ይቁም፤ ማዕበል ሲያወርዳት መሬት እንዳትነካ።

4. ዛፍ ከሌለ

አሸዋ ላይ የተመታ ካስማ ቶሎ ይነቀላል። ማዳበሪያ በአሸዋ ሙሉ፣ ወገቡ ላይ ገመድ እሰሩ፣ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ውስጥ አግድም ቅበሩት። ገመዱ ወደ ጀልባዋ የሚወጣበትን ቦይ ጠባብ አድርጉት። አሸዋውን መልሳችሁ እርገጡት። ሁለት ጎረምሳ ቢጎትተው አይወጣም።

ገመዱ የጀልባዋን ጠርዝ የሚነካበት ቦታ ላይ ጨርቅ ጠቅልሉበት። ሌሊቱን ሙሉ ሲፋተግ ናይለን ገመድ እንኳ ይበጠሳል።

5. እምቦጭና የባሕር ውሃ

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጣናን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ይዞታል። ነፋስ ሲነዳው እንደ ምንጣፍ ተንሳፎ ይመጣል፣ የመልህቁ ገመድ ላይ ይከማቻል፣ ክብደቱ መልህቁን ሊጎትት ይችላል። ከመተኛታችሁ በፊትና ሌሊት አንዴ ተነስታችሁ እዩ።

ውቅያኖስ አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ የውሃውን መውጣትና መውረድ አስቡ። አሜሪካ ውስጥ ሲያትል አካባቢ በአንድ ቀን ውስጥ ከ3 ሜትር በላይ ሊለያይ ይችላል። ማታ ተንሳፋ የተዋችኋት ጀልባ ጠዋት ጭቃ ላይ ተቀምጣ ልትጠብቃችሁ ትችላለች። ውሃው የሚወጣበትንና የሚወርድበትን የዕለቱን ሰዓት ሰሌዳ ሳታዩ የገመዱን ርዝመት አትወስኑ።

ጠዋት ስትነሱ ቡሹን ድፈኑ፣ ገመዶቹን ፈትሹ። ጀልባዋን ጭናችሁ ወደ ሌላ ሐይቅ የምትሄዱ ከሆነ ሞተሩን፣ መልህቁንና የጀልባዋን ሆድ አንድ በአንድ እዩ። ከእምቦጩ የቀረች ቁራጭ ብትሆን እንኳ ውሃ ስታገኝ ትበቅላለችና፣ ለቅማችሁ የብስ ላይ፣ ፀሐይ የሚመታው ቦታ አውጥታችሁ አድርቋት።