ሐረጎ ላይ የሚጠፋው ኢንተርኔት

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ፒያሳ ላይ በደህና ሲሠራ የቆየው ስልኬ የሐረጎን ተራራ መውረድ ስንጀምር ጭጭ ይላል። የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ነው፤ መልእክት ግን አይሄድም። ሁለት ሳምንት ተራራውን ስረግም ከረምኩ።

ተራራው ንጹሕ ነበር። ቪፒኤን፣ ማለትም የኢንተርኔት ግንኙነቴን በምስጢር ቆልፎ በራሱ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ መተግበሪያ፣ የጫንኩት በሆቴል ዋይፋይ ስለምጠቀም ነው። ያኔ በአንድሮይድ ቅንብሮች ውስጥ ቪፒኤኑ ሁልጊዜ እንዲበራ የሚያደርገውን፣ ከሥሩም ያለ ቪፒኤን ማንኛውንም ግንኙነት የሚያግደውን አብሬ አብርቼ ነበር። ስልኩ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ መተግበሪያውን ይዘጋዋል። በሩ ተቆልፎ ዘበኛው ተኝቷል ማለት ነው።

በመተግበሪያው የባትሪ ገጽ ላይ ገደቡን አነሣሁለት። እገዳውን ግን አልነካሁትም፤ የጫንኩት ለእሱ ነውና።

መጀመሪያ የሞከርኩት ነፃ መተግበሪያ የስልክ ማውጫዬን ለማየት ፈቃድ ጠይቆኝ ነበር። የወዳጅ ዘመዶቼ ቁጥር ለቪፒኤን ምን ያደርግለታል? አጠፋሁት። አሁን የያዝኩት ፕሮቶን ቪፒኤን ነው፤ ነፃው የዳታ ገደብ የለበትም፣ አገር ማስመረጥ ግን አይወድም።

ትናንት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ወርጄ ስልኬን ሳወጣ ቪፒኤኑ መብራቱን የምታሳየው ትንሿ የቁልፍ ምልክት ከላይ እንዳለች ነበረች።