ሊኑክስን በኪስ ይዞ መዞር፦ የማይረሳ ፍላሽ እንዴት ይሠራል?

የቢሮውን ኮምፒውተር ከሦስት ሰው ጋር ትጋራላችሁ? ወይስ ዛሬ በወንድማችሁ ላፕቶፕ፣ ነገ በጓደኛችሁ ነው የምትሠሩት? እንግዲያው ይህ ለእናንተ ነው። ሊኑክስን፣ ማለትም ዊንዶውስን የሚተካውን ነፃ የኮምፒውተር ሲስተም፣ ከፍላሽ ማስነሳት ቀላል ነው፤ ችግሩ ተራው ፍላሽ ይረሳል። ኮምፒውተሩ ሲዘጋ የጻፋችሁት ፋይል፣ የዋይፋዩ ፓስወርድ፣ የጫናችሁት ፕሮግራም ሁሉ ድራሹ ይጠፋል።

የሚያስታውሰው ፍላሽ የሚሠራው እንዲህ ነው። የታተመ ካርታ ላይ ላስቲክ አንጥፋችሁ በማርከር ጻፉ እንበል። ካርታው አይነካም፤ ጽሑፋችሁ ያረፈው ላስቲኩ ላይ ነው፤ ከላይ ስታዩት ግን ሁለቱ አንድ ሆነው ይታያሉ። ሊኑክሱ ካርታው ነው። ላስቲኩ ፍላሹ ላይ የራሱ ክፍል፣ ማለትም ፓርቲሽን፣ ካገኘ ነገም ይጠብቃችኋል።

መጀመሪያ ፍላሹ። 32 ጊጋ ይበቃል፤ ዩኤስቢ 3.0 ይሁን። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ስለሆነ ይለያል። በ2.0 ብሮውዘር እስኪከፈት ቡና ይፈላል። ርካሽ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። እኔ አንዴ «1 ቴራ» የተጻፈበት ገዝቼ፣ እውነተኛ መጠኑ 8 ጊጋ ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ ሁሉንም ይቀበላል፤ ኋላ ፋይሉ አልከፈት ይላል። ሩፈስ የሚባለው ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ፍላሹን የሚፈትሽበት ምርጫ አለው። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ከለቅሶ ይሻላል።

ቀጥሎ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ አውርዱ። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነት ለደከመ ማሽን ይስማማል፤ ወደ 3 ጊጋ ገደማ ነው። ሩፈስን ክፈቱ፣ ፍላሹን ምረጡ፣ ያወረዳችሁትን ፋይል ስጡት። ያኔ «ፐርሲስተንት ፓርቲሽን ሳይዝ» የሚል ተንሸራታች ይመጣል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው! ዜሮ ላይ ከተዋችሁት ላስቲክ የለም። ወደ ቀኝ ግፉት፤ በ32 ጊጋ ፍላሽ 20 ጊጋ ብትሰጡት ጥሩ ነው። አሮጌም አዲስም ማሽን ላይ የምትዞሩ ከሆነ «ፓርቲሽን ስኪም» በሚለው ቦታ «ኤምቢአር» ምረጡ። ስትጀምሩ ሁለት የአጻጻፍ መንገድ ከሰጣችሁ «አይኤስኦ» በሉ፤ በ«ዲዲ» ማስታወሱ አይሠራም። ፍላሹ ላይ የነበረው በሙሉ ይጠፋል፣ አስቀድማችሁ ገልብጡ።

አሁን ፍላሹን ሰክታችሁ ማሽኑን አስነሱ። ሌኖቮና ዴል ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ሲጫን የማስነሻው ዝርዝር ይመጣል። የሰው ላፕቶፕ ከሆነ ባዮሱን፣ ማለትም የማሽኑን የውስጥ ማስተካከያ፣ አትነካኩ። እዚያ ያለውን ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ፣ ብታጠፉና ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ቢሆን ባለቤቱ ዊንዶውሱን ሲያስነሳ የመክፈቻ ቁልፍ ሊጠየቅ ይችላል፤ ቁልፉን ካላስቀመጠ ጣጣ ነው።

ዴስክቶፑ ላይ «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» የሚል ምልክት ታያላችሁ። አትንኩት። እሱ የሚጭነው ፍላሹ ላይ ሳይሆን የኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል።

የሚያስታውስ መሆኑን ለመሞከር የአማርኛ ኪቦርድ አስገቡበት። አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል ስትጭኑ «ሴራ» የሚባል የአማርኛ አጻጻፍ አብሮ ይመጣል፤ ኤስን ከዚያ ኢን ብትመቱ «ሰ» ይወጣል። «ሰላም» ብላችሁ ጻፉ፣ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡ፣ ዝጉና እንደገና አስነሱ። ፋይሉም ኪቦርዱም ካሉ ተሳክቷል። ከሌሉ ወደ ተንሸራታቹ ተመለሱ።

አፕዴት ሲጠይቃችሁ ሁሉንም እሺ አትበሉ። ብሮውዘሩን አድሱ፣ ከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክሱን እምብርት፣ ተዉት። ፍላሹ የሚነሳው በካርታው ከርነል ስለሆነ አዲሱ ላስቲኩን ከመሙላት በቀር አይጠቅማችሁም። ከካርታው የነበረ ፕሮግራም ብታጠፉም ቦታ አይለቀቅም፤ ላስቲኩ ላይ መሸፈኛ ተለጠፈበት እንጂ ከሥር አለ።

ሳትዘጉ አትንቀሉ፤ ፓርቲሽኑ ሊበላሽ ይችላል። ሲገባም ፓስወርድ ስለማይጠይቅ ፍላሹን ያገኘ ሰው የጻፋችሁትን ሁሉ ያነባል። የባንክ ወረቀትና የፓስፖርት ኮፒ እዚያ አይቀመጥም። ለሥራ ፋይሎቻችሁም ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑራችሁ፤ እኔ አርብ አርብ እገለብጣለሁ።