ቅኝቶቻችንን ፒያኖ ላይ ማግኘትና ለድምፃዊ የሚስማማውን ኪይ መምረጥ

በመጀመሪያ ሁለቱን ቃላት እንለይ። ቁልፍ በጣት የሚመታው ነው፤ ሙሉ ፒያኖ ላይ 88 አለ፣ 52ቱ ነጭ 36ቱ ጥቁር። ኪይ ደግሞ ዜማው ቤቱ ያደረገው፣ ተዟዙሮ የሚያርፍበት ኖታ ነው። ከአንድ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ያለው ርቀት ግማሽ ቶን ይባላል። 12 ግማሽ ቶን ሲሞላ ኦክታቭ ይሆናል።

ቅኝት ማለት እንግዲህ የርቀቶች ቅደም ተከተል ነው። ለመለማመድ ጥቁር ቁልፍ ከማያስፈልግበት ቦታ መጀመር ይቀላል። ትዝታ ሜጀር ከዶ፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ (2-2-3-2-3)። ትዝታ ማይነር ከላ፦ ላ ሲ ዶ ሚ ፋ (2-1-4-1-4)። ባቲ ሜጀር ከዶ፦ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ (4-1-2-4-1)። ባቲ ማይነር ከላ፦ ላ ዶ ሬ ሚ ሶል (3-2-2-3-2)። አምባሰል ከሚ፦ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ (1-4-2-1-4)። አንቺሆዬ ብቻ አንድ ጥቁር ይፈልጋል፤ ከሲ ሲጀመር ሲ ዶ ሚ ፋ ሶል ሻርፕ ነው (1-4-1-3-3)። ሻርፕ ማለት ከኖታው በግማሽ ቶን ከፍ ያለው፣ ፍላት ደግሞ በግማሽ ቶን ዝቅ ያለው ነው። በቅንፍ ያሉት ቁጥሮች የግማሽ ቶን ብዛት ናቸው፤ የመጨረሻው ቁጥር ወደ መነሻው ኖታ፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይመልሳል። ድምራቸው 12 ካልመጣ አቆጣጠሩ ተሳስቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚደናገርበት ነገር አለ። የትዝታ ማይነር ከላ እና የአምባሰል ከሚ ቁልፎች አንድ ናቸው፤ አምስቱም። ልዩነቱ ማረፊያው ነው። ግራ እጅ ላን እየደጋገመ ከያዘ ትዝታ ይሰማል፤ ሚን ከያዘ ያው ቀኝ እጅ አምባሰል ይሆናል። ጥቁሮቹን ብቻ መጫወትም እንዲሁ ነው፦ ከፋ ሻርፕ ሲነሱ ትዝታ ሜጀር፣ ከሬ ሻርፕ ሲነሱ ባቲ ማይነር። ስለዚህ ኖታዎቹን በቃል ከመያዝ በፊት ባሱ የት እንደሚያርፍ ይወሰን።

ኪይ መቀየር ሲያስፈልግ ቁጥሮቹን ከአዲሱ መነሻ መቁጠር ነው። አምባሰልን ከሬ ማንሳት የፈለገ ሰው 1-4-2-1-4ን ሲቆጥር ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት ያገኛል። ኪቦርድ ላይ ያለው፣ ሁሉንም ኖታ በአንድ ጊዜ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው የትራንስፖዝ ማብሪያ ይህን ሥራ ይቀንሳል፤ ግን ከመድረክ በፊት ወደ ዜሮ መመለሱን ማረጋገጥ ግድ ነው። ባንዱ በአንድ ኪይ ኪቦርዱ በሌላ ሲሆን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያች ማብሪያ ነው።

ኪይ መቀየር የድምፁን ስሜት ይለውጣል? በዘመናዊ አቃኘት ግማሽ ቶኖቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ የእያንዳንዱ ንዝረት ከበፊቱ በ6 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ ኦክታቭ ላይ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቅኝቱ አይነካም። የሚለወጠው ቀለሙ ነው። ፒያኖ ውስጥ ዝቅተኞቹ ኖታዎች አንድ ወፍራም፣ መዳብ የተጠመጠመበት ክር አላቸው፤ ከፍ ሲል ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ቀጫጭን ክሮች ይሆናሉ። ዘፈን በ5 ግማሽ ቶን ሲወርድ የግራ እጅ ኮርድም (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ወደ ወፍራሞቹ ይወርድና ይደፈርሳል። ከመካከለኛው ዶ አንድ ኦክታቭ በታች ካለው ዶ ወዲያ፣ ወደ ግራ፣ ጠባብ ኮርድ አለመያዝ ነው፤ ኦክታቭ ወይም ዶ-ሶል ዓይነት ሰፊ ርቀት ይበቃል።

ኮርድ ራሱ ሌላ ወጥመድ ነው። ለትዝታና ለባቲ፣ ሜጀሩም ማይነሩም፣ የመነሻው ኮርድ ሦስቱም ኖታዎች ከቅኝቱ ውስጥ አሉ። አምባሰል ግን ከሚ ሲነሳ ሶልም ሶል ሻርፕም የለውም፤ ሚ ሜጀርም ሚ ማይነርም ቢመታ የባዕድ ኖታ ይገባል። ሚንና ሲን ብቻ መያዝ፣ ወይም ወደ ላ ማይነርና ፋ ሜጀር መሄድ ይሻላል። አንቺሆዬ ከዚህም ይብሳል፦ ከሲ ሲነሳ ፋ ሻርፕ ስለሌለው ሲ-ፋ ሻርፕ እንኳ ያበላሸዋል። ባዶ ኦክታቭ ይበቃዋል። የኪቦርዱ አውቶማቲክ አጃቢ ይህን ስለማያውቅ ለሁለቱ ቅኝቶች ማጥፋቱ ይመረጣል።

አሁን ለድምፃዊ ኪይ እንምረጥ። ድምፃዊው ሳይጨነቅ፣ ቃሉ ሳይጠፋ የሚደርስበትን ከፍተኛና ዝቅተኛ ኖታ ቁልፍ እየመቱ መለየት ይቀድማል። ከዚያ የዘፈኑን ከፍተኛ ኖታ መፈለግ፤ እሱ ብዙ ጊዜ ያለው አዝማቹ ላይ ነው። ዘፈኑ ከመካከለኛው በላይ ያለው ዶ ላይ የሚደርስ ከሆነና ድምፃዊው የሚመቸው እስከ ላ ድረስ ከሆነ 3 ግማሽ ቶን ይወርዳል። በተመሳሳይ ስሌት ዝቅተኛው ኖታ ሶል ከነበረ ሚ ይሆናል፤ ሚ ላይ ድምፁ ከጠፋ 2 ብቻ ማውረድና የአዝማቹን ከፍተኛ ኖታ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። ልክ ጣሪያው ላይ ኪይ መምረጥ ስህተት ነው፦ ልምምድ ላይ የተቻለው በሦስተኛው ዘፈን አይቻልም።

ሳክስፎንና ትራምፔት ካሉ እነሱንም ማሰብ ነው። አልቶ ሳክስ ሚ ፍላት፣ ቴነርና ትራምፔት ሲ ፍላት ናቸው፤ ማለትም እነሱ ዶ ብለው የሚነፉት ፒያኖ ላይ ሚ ፍላት ወይም ሲ ፍላት ነው። ጥቁሮቹ ላይ ብቻ የሚሄደው ትዝታ ለፒያኒስቱ ምቹ ቢሆንም ለቴነሩ ሶል ሻርፕ ይሆንበታል። ሚ ፍላት ላይ ቢነሳ ግን አልቶው ከዶ፣ ቴነሩ ከፋ ይጫወታሉ።

ክራርና ማሲንቆ አብረው ሲጫወቱ ደግሞ ክሮቹ ከፒያኖው ይቃኙ እንጂ ፒያኖው ከእነሱ አይቃኝም። በጆሮ የተቃኘ ክራር ከፒያኖው ጥቂት ሳንቲም (100ው አንድ ግማሽ ቶን ነው) ሊርቅ ይችላል፤ በተለይ አንቺሆዬ ላይ ይሰማል። አንዳንድ ኪቦርዶች 12ቱን ኖታዎች ለየብቻ በሳንቲም ማስተካከያ አላቸው፤ ያ ካለ ባለክራሩ እየመታ፣ እየሰሙ ማጠጋጋት ነው። ማሲንቆው የሚያንሸራትተውን ድምፅ ግን ፒያኖ አያወጣም። የሚቻለው ከቅኝቱ ጎረቤት ኖታ ፈጥኖ ነክቶ መመለስ ነው፤ ፒያኒስቷን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ያዳመጠ ሰው ጌጡ ምን ያህል ፈጣንና ቀላል መሆን እንዳለበት ያውቃል። ጌጡ ላይ ፔዳል ከተረገጠ ሁለቱ ኖታዎች ተደርበው ይጮኻሉና እግር ይነሳ።