የሰርቨር ፓች እንዴት ይመረጣል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለወራት የተጠራቀመውን አፕዴት በሙሉ ሰርቨሩ ላይ ለቀቅኩት። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆየው ባትሪ፣ አልያዘም። ሰርቨሩም አልነሳ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ሠራተኞቹ ደረሰኝ በእጃቸው ሲጽፉ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ፓች፣ ማለትም የሶፍትዌርን ስህተት ወይም የደህንነት ቀዳዳ የሚጠግን አፕዴት፣ የምጭነው መርጬ ነው።

ፈርቶ መተው ግን ይብሳል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 አንድ ትልቅ ቀዳዳ የሚደፍን ፓች አወጣ። ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ዓለምን ያዳረሰው ሜይ 12 ነው። ሁለት ወር ያህል ጊዜ ነበር። ያልጫኑት ተመቱ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሕመምተኛ መለሱ።

መጀመሪያ ያላችሁን እወቁ። ደብተር አውጡና ጻፉ፦ ስንት ሰርቨር አለ? ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የትኛው ነው፣ ስሪቱስ? ምን ሥራ ይሠራል? ከኢንተርኔት የሚታየው የትኛው ነው? ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 2023፣ ሴንትኦኤስ 7 የተባለው ሊኑክስ ደግሞ በጁን 2024 አብቅቷል። እነዚህ ላይ ፓች ከመምረጥ ይልቅ ሲስተሙን መቀየር ይሻላል።

ቀጥሎ የደህንነት ፓቹን ከሌላው ለዩ። አዲስ ገጽታ የሚጨምር አፕዴት ይቆይ፣ አይቸኩልም። የደህንነት ቀዳዳ ከ0 እስከ 10 የክብደት ነጥብ ይሰጠዋል፤ 9 እና ከዚያ በላይ እጅግ አደገኛ ነው። ብዙ ሰው ግን ነጥቡን ብቻ አይቶ ይወስናል፤ እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ቀዳዳው ያለበት አገልግሎት እኔ ሰርቨር ላይ በርቷል? ከውጭ ይደረስበታል? ሃከሮች አሁን እየተጠቀሙበት ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ የአሜሪካው የሳይበር ደህንነት ተቋም ሲሳ ከ2021 ጀምሮ ጥቃት የደረሰባቸውን ቀዳዳዎች ዝርዝር በነፃ ያወጣል። ሦስቱም መልስ «አዎ» ከሆነ ነገ አትበሉ። አገልግሎቱ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ አጥፉት። በ2021 የዊንዶውስ የፕሪንት አገልግሎት ላይ ቀዳዳ ሲገኝ፣ ፕሪንት የማያደርግ ሰርቨር ላይ አገልግሎቱን ማጥፋት ብቻ በሩን ይዘጋ ነበር።

የመረጣችሁትንም ሞክሩ። በጃንዋሪ 2022 የወጣ የዊንዶውስ ፓች ዶሜይን ኮንትሮለሮችን (የሠራተኞችን መግቢያና የይለፍ ቃል የሚቆጣጠሩ ሰርቨሮችን) ደጋግሞ ሪስታርት ሲያደርግ ነበር። የመሞከሪያ ሰርቨር ከሌላችሁ፣ አንድ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ላይ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ሠርታችሁ እዚያ ጫኑት። በጣም አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ጥቂት ቀን ጠብቁ።

ሰዓቱም ይመረጣል። የማይክሮሶፍት ፓች በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይወጣል። ሌሊት አውርዱት፤ ቀን ላይ የቢሮውን ኢንተርኔት አትጨርሱበት። ድሬ ከሰዓት በኋላ ጋብ ስለምትል ሰው የለም ብላችሁ እንዳትጭኑ፤ ክፍሉ የሚግለው ያኔ ነው። የእኔ ምርጫ እሁድ ማለዳ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ባክአፕ ውሰዱ፣ አንድ ፋይል መልሳችሁም ሞክሩ። የጄኔሬተሩን ነዳጅ እዩ።

ሊኑክስ ላይ የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ፓች ጭናችሁ ሪስታርት ካላደረጋችሁ አሮጌው ከርነል ነው አሁንም የሚሠራው፤ ይህን ብዙዎች ይረሳሉ። ሲነሳ ስሪቱን አረጋግጡ። በደብተሩ ላይ የጫናችሁትን ብቻ ሳይሆን የዘለላችሁትንም ከነምክንያቱና ከነቀኑ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው።